በእንቁላሉ ጊዜ የሚደርስ ፖሊስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

   የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ልጆችና ስለ ፖሊስ ነው። ልጅ አጥፍቶ ጣቢያ ከገባ በኋላ ስላለው ጉዳይ ሳይሆን፣ ከዚያ በፊት ፖሊስ ምን ሊሠራ እንደሚችል ነው የምናወራው። በኳስ፣ በሙዚቃ፣ በጥናት ሰዓት፣ ልጆች በሚውሉበት ሜዳ።

የእንቁላሉን ተረት የማያውቅ የለም። ልጁ ከጎረቤት አንዲት እንቁላል ሰርቆ ይመጣል፤ እናቱ አይታ ዝም ትለዋለች። ከእንቁላል ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከበግ ወደ በሬ ያድጋል። በበሬው ተይዞ ሊቀጣ ሲል እናቱን፣ ያኔ በእንቁላሉ ብትቀጪኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልደርስም ነበር ይላታል።

ይህን ተረት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ልጅ በጊዜ ይገረፍ ለማለት ነው። ግማሹ እውነት ነው። በጊዜ መድረስ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ልጁ እንቁላሏን ሲያነሳ አጠገቡ ማን ነበር? ከዚያስ በኋላ ማን ጠየቀው? ዛሬ የምንነጋገረው፣ በእንቁላሉ ጊዜ የሚደርስ ፖሊስ ዱላ ሳይሆን ምን ይዞ ቢደርስ ይጠቅማል በሚለው ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለው ጦር ኃይሎች ሠፈር እንሂድ። ሠፈሩ ሆስፒታሉ አለው፣ የቀለበት መንገዱ አለው፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከአያት የሚመጣው የቀላል ባቡር የመጨረሻ ፌርማታ ነው። ከባቡር የወረደው ሰው ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል። ወያላው አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ዓለም ባንክ፣ ኮልፌ እያለ ይጣራል። በመሃል ሊስትሮው አለ፣ ሱቅ በደረቴው አለ፣ ጃንጥላ ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጠው እናት አለች።

እንዲህ ያለ ቦታ ለልጅ ሁለት ነገር ያቀርብለታል። አንደኛው ሰው ነው፤ ኪሱን የረሳ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደረገ፣ የሚቸኩል ሰው። ሁለተኛው ሥራ ፈት ሰዓት ነው። ተማሪው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይለቀቃል። አባትና እናት ከሥራ የሚገቡት አመሻሽ ላይ ነው። በዚያ መሃል ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ልጁ ቤት አይገባም፣ ትምህርት ቤት አይደለም፣ የሚያየው አዋቂም የለም። ፑል ቤቱ ክፍት ነው፣ ፕሌይ ስቴሽን ቤቱ ክፍት ነው፤ ጫት ቤቱም እንዲሁ። ሜዳው ግን ወይ ታጥሯል፣ ወይ ተገንብቶበታል፣ ወይ ትልልቆቹ ይዘውታል።

አሜሪካ ውስጥ የተሰበሰቡ የፖሊስ መዝገቦችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። በትምህርት ቀናት የታዳጊዎች ጠብና ጥቃት የሚበዛው እኩለ ሌሊት ላይ አይደለም። ከትምህርት ቤት በተለቀቁ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ፖሊስ ሌሊት ሲዞር ቢያድር እነዚህን ሰዓታት አያገኛቸውም ማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ልጅ ለምን ያጠፋል? ትራቪስ ሂርሺ የተባለው የወንጀል ጥናት ምሁር በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን ገልብጦ አቀረበው። ሰው ለምን ይሰርቃል ማለቱን ትቶ፣ ብዙው ሰው ለምን አይሰርቅም ብሎ ጠየቀ። የደረሰበት መልስ ልጅን ከጥፋት የሚይዙት አራት ገመዶች ናቸው የሚል ነው። የሚወደውና ቅር እንዳይለው የሚሳሳለት ሰው አንዱ ነው። ብዙ የደከመበትና እንዳይበላሽበት የሚጠነቀቅለት ነገር ሁለተኛው ነው። ጊዜውን የሚወስድ ሥራ ሦስተኛው፣ ሕግና ደንብ ተገቢ ነው ብሎ ማመን ደግሞ አራተኛው ነው።

ቴሪ ሞፊት የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በበኩሏ በዚያው አቆጣጠር በ1993 ያወጣችው ጥናት ወላጆችን የሚያጽናና ነው። በጉርምስና ዕድሜ ከሚያጠፉት ልጆች አብዛኞቹ ጥፋታቸው ከጉርምስናው ጋር ያልፋል። ዕድሜ ልካቸውን በዚያው የሚቀጥሉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያጠፋን የ13 ዓመት ልጅ ሌባ የሚል ስም ለጥፎ ከትልልቅ ወንጀለኞች ጋር ማሰር፣ ሊያልፍ የነበረውን ጥፋት እንዲኖር ማድረግ ነው።

ሜዳ ላይ የሚገኝ ፖሊስ ዋጋው የሚታየን እነዚህን አራት ገመዶች ይዘን ስናስብ ነው። ኳሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህ አንዱ ገመድ ነው። ቡድኑ ውስጥ ያገኘው ቦታ እንዳይበላሽበት ይሳሳለታል፤ ይህ ሌላው ነው። አሠልጣኙን ደግሞ ቅር ማሰኘት አይፈልግም። ያ አሠልጣኝ ፖሊስ ሲሆን፣ ስለ ሕግ ያለው ስሜትም አብሮ ይለወጣል። ሕፃናት ሲያለቅሱ ፖሊስ መጣልህ፣ ይወስድሃል እየተባሉ በሚያድጉበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። አሁን የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1914 የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ኮሚሽነር የነበረው አርተር ዉድስ፣ ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱ በፖሊስ መባረራቸው አሳሰበው። ፖሊሶቹን ባዶ ቦታ ፈልጉና ለልጆች አዘጋጁ አላቸው። ባዶ ቦታ በታጣበት ሠፈር ደግሞ መንገዱ ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ተዘግቶ ለልጆች መጫወቻ ሆነ። ከዚያ ጅምር ያደገው የፖሊስ የወጣቶች ስፖርት ማኅበር እስከ ዛሬ አለ። በ1918 የእንግሊዟ የኖሪች ከተማ ፖሊስ አዛዥ ጆን ሄንሪ ዴይን ለሠፈሩ ልጆች ክበብ ከፈተ። በ1937 ደግሞ በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ ኮሚሽነር ዊሊያም ማካይ የመጀመሪያውን የፖሊስ የወጣቶች ክበብ አቋቋመ።

ከሁሉም የሚታወሰው ግን የአንድ ብስክሌት ታሪክ ነው። በ1954 በአሜሪካ፣ በሉዊቪል ከተማ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ብስክሌቱ ተሰረቀችበት። እያለቀሰ ፖሊስ ሲፈልግ፣ ፖሊሱ ጆ ማርቲን በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ልጆችን ቦክስ ያሠለጥናል ብለው ላኩት። ልጁ ሌባውን ካገኘሁት እደበድበዋለሁ ሲል ይዝታል። ማርቲን አልተቆጣውም፣ አልሳቀበትምም። ከመዛትህ በፊት መማታት ተማር ብሎ ወደ ሥልጠናው ጋበዘው። ልጁ በኋላ መሐመድ ዓሊ ተብሎ ዓለም ያወቀው ቦክሰኛ ነው። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት በዚያው የሮም ኦሊምፒክ እሱም በቦክስ ወርቅ አገኘ።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ሁሉም ልጅ ሻምፒዮን ይሆናል የሚለውን አይደለም። በማርቲን ጂም ካለፉት ልጆች አብዛኞቹን ዓለም አያውቃቸውም። የምንወስደው ልጁ በተናደደበት ሰዓት ፖሊሱ ቦታው ላይ መገኘቱን ነው። ሁልጊዜ የሚገኝበት የታወቀ ቦታ፣ የታወቀ ሰዓት ነበረው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ፖሊስና ወጣት በስፖርትና በሙዚቃ ሲገናኙ ቆይተዋል። የፖሊስ ስፖርት ክለብ የሆነውን ኦሜድላን የማያስታውስ የስፖርት ወዳጅ የለም። ዓለማየሁ እሸቴም ገና ተማሪ ሳለ ሲዘፍን የሰሙት ኮሎኔል ረታ ደምቄ ናቸው ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ያስገቡት። አንድ የፖሊስ መኮንን የአንድን ተማሪ ድምፅ ሰምቶ ቦታ ስለሰጠው አገር አንድ ትልቅ ድምፃዊ አተረፈ። ኮልፌም ቢሆን ለፖሊስ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፖሊስ ሠራዊት ካምፕ ውስጥ ነበር።

ከዛሬው ርዕሳችን ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች ሥራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ የአዲስ አበባ ፖሊስና ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ተስማምተው፣ በከተማዋ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎችን ከፈቱ። ፖሊስና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ጎን ለጎን ተቀምጠው የልጁን ጉዳይ ያያሉ። ዓላማው ልጁ ከአዋቂ ተጠርጣሪዎች ጋር እንዳይቀላቀል፣ ቤተሰቡ እንዲፈለግ፣ ቃሉንም ሳይፈራ እንዲሰጥ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የማረሚያ ፕሮግራም ይባላል። ቀላል ጥፋት የፈጸመ ልጅ ወደ ክስና ወደ ማረሚያ ከመሄድ ይልቅ እዚያው ሠፈሩ ውስጥ ወዳለ ማዕከል ይመላለሳል። ትምህርቱን አያቋርጥም። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይመጣል፣ ያጠናል፣ ይጫወታል፣ የምክር አገልግሎት ያገኛል። የሚከታተሉት ከአካባቢው የተመረጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማታ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጁን ከሠፈሩ ሳያርቁ እዚያው መመለስ ነው ነገሩ።

ዛሬ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት በየወረዳው አለ። እነዚህ ፖሊሶች የተመደቡበትን ሠፈር ቤት ለቤት ያውቁታል። በየክፍለ ከተማው የወጣት ማዕከላት አሉ። በየሠፈሩ በነፃ የሚያሠለጥኑ የኳስ አሠልጣኞችም አሉ። ይህ ሁሉ ለየብቻው ይሠራል። ጥያቄው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እንዴት አንድ ሜዳ ላይ ይገናኙ የሚለው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን አጭር ድራማ እናቀርብላችኋለን። ባለታሪኮቹ የዝግጅት ክፍላችን ፈጠራ ናቸው። እናት መንገድ ዳር ቡና ትሸጣለች። ሳጅኑ በሳምንት ሦስት ቀን የሠፈሩን ልጆች ኳስ ያሠለጥናል። በውሃ ላስቲክ አሸዋ ሞልቶ ጎል ይተክላል፤ ከሥልጠና በፊት ስም እየጠራ ደብተር ላይ ምልክት ያደርጋል። አንድ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ ቤቱ ይሄዳል።

(የመኪና ድምፅ፣ የስኒ ድምፅ)

ሳጅን፦ እንደምን ዋሉ እናቴ?

እናት፦ እግዚአብሔር ይመስገን... (ትደነግጣለች) ምነው ጌታዬ? ልጄ ምን አደረገ?

ሳጅን፦ ኧረ አይደንግጡ፣ ምንም አላደረገም። ማክሰኞም ሐሙስም ሜዳ አልመጣም። አሞት ይሆን እንዴ ብዬ ነው።

እናት፦ ለኳስ ነው እዚህ ድረስ የመጡት?

ሳጅን፦ ለኳስ ነው። ሁለቴ ከቀረ እጠይቃለሁ፤ ለሁሉም እንደዚያው ነው።

እናት፦ (ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ) እኔ እኮ እርስዎ ጋ ነው ያለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሜዳ ነኝ እያለኝ ነው የሚያመሽ። ደግሞ... አንድ ነገር ልንገርህ፣ ልጄ። ሰኞ ለት ሞባይል ይዞ አየሁት። ጓደኛዬ አዋሰኝ አለኝ። የሚያዋስ ጓደኛ ከየት አመጣ? አባቱ እንዳይሰማ ፈራሁ። ከሰማ ይገድለዋል።

ሳጅን፦ ስልኩ አሁን የት አለ?

እናት፦ ፍራሹ ሥር ደብቆታል።

ሳጅን፦ ጥሩ። እንደዚህ እናድርግ። ነገ ሦስታችን ሆነን ጣቢያ የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ጋ እንሄዳለን። እርስዎ ከአጠገቡ አይለዩም። ስልኩ ባለቤት ካለው ይመለሳል፤ ከማን እንደተቀበለውም ለእሷ ይናገራል። እኔ ሜዳ ላይ አልጠይቀውም።

እናት፦ ከኳሱ ታባርረዋለህ?

ሳጅን፦ አላባርረውም። ቅዳሜ እንዳይቀር ይንገሩልኝ። ጥፋቱ ሌላ፣ ኳሱ ሌላ።

እናት፦ ቁጭ በል እስቲ፤ ቡና ልቅዳልህ።

ሳጅን፦ እከፍላለሁ እንግዲህ።

(ሙዚቃ)

ሳጅኑ ካደረገው ነገር ሦስቱን ልብ እንበል። መጀመሪያ፣ የመጣው ስለ ስልኩ ሰምቶ አይደለም፤ ልጁ ስለቀረ ነው። ያ ደብተር ባይኖር እናትየዋ ምስጢሯን የምትነግረው ሰው አልነበራትም። ሁለተኛ፣ ጥፋቱን ሸፍኖ አላለፈም፤ በሕግ መንገድ፣ ወላጅ ባለበት እንዲታይ አደረገ። ሦስተኛ፣ ሜዳውን የቅጣት መሣሪያ አላደረገውም። ልጁ ካጠፋ በኋላ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሜዳው ነው፤ ያን ከቀማነው የቀሩለት ፍራሹ ሥር የተደበቀውን ስልክ የሰጡት ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሕጉስ ምን ይላል? በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ ይለያቸዋል። 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ለእሱ የተለዩ እርምጃዎች አሉ። ለምሳሌ ተግሣጽ፣ በኃላፊነት ለሚያሳድገው ሰው መስጠት፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት መወሰን፣ ከባድ ሲሆን ወደ ጠባይ ማረሚያ ማስገባት ይገኙበታል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም አጥፊ ልጅ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወዳለ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩም በዝግ ችሎት እንዲታይ አዝዟል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ በማረሚያ ያሉ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ይደነግጋል።

ስለ መከላከልም ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሪያድ መመሪያ የሚባለውን አጽድቋል። መመሪያው የልጆች ጥፋት መከላከል ያለበት በቤተሰብ፣ በትምህርት ቤትና በሠፈር ነው ይላል፤ ልጆችን አጥፊ፣ ዱርዬ ብሎ መፈረጅ ራሱ ወደ ጥፋት እንደሚገፋም ያስጠነቅቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ለወጣት የተዘጋጀ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም። በበጎ ልብ ተጀምረው የከሸፉ አሉ፤ ከእነሱ መማር ይሻላል። እዚህም የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ማስፈራራት ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ ልጆችን እስር ቤት ወስዶ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው እስረኞች እንዲጮሁባቸው የማድረግ ፕሮግራም ተጀመረ። ዝናው በፊልም ናኘ። በኋላ ግን ተመራማሪዎች ዘጠኝ ጥንቃቄ የተሞላባቸው ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ እስር ቤት ተወስደው ማስፈራሪያ የደረሰባቸው ልጆች ካልተወሰዱት ይበልጥ ሲያጠፉ ተገኙ። የእንቁላሉን ተረት ለግርፊያ ማስረጃ የምናደርግ ሰዎች ይህን ብናስብ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ንግግር ብቻ ነው። በ1983 በሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ክፍል ገብተው ስለ አደንዛዥ ዕፅ ማስተማር ጀመሩ፤ ፕሮግራሙ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ልጆቹን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን የጎላ ለውጥ አላገኙም። ዩኒፎርም ለብሶ በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ አሥር ደቂቃ መክሮ መሄድ፣ ለሪፖርት ይሆናል እንጂ ልጅ አይይዝም።

ሦስተኛው ያስገርማል። በማሳቹሴትስ ከ1939 ጀምሮ 506 ወንድ ልጆች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለዓመታት ምክር፣ የትምህርት ድጋፍና የበጋ ካምፕ ሲያገኙ ግማሾቹ አላገኙም። ከ30 ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ስታያቸው፣ ድጋፍ ያገኙት በብዙ መለኪያ ከሌሎቹ የባሱ ሆነው ተገኙ። በተለይ ጎልቶ የታየው በተደጋጋሚ ካምፕ በገቡት ላይ ነው። ምክንያቱን ሲያስቡት፣ አስቸጋሪ የሚባሉት ልጆች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ አንዱ ለሌላው ጥፋት ያስተምራል፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይስቅለታል፣ ሳቁም ሽልማት ይሆናል። ስለዚህ የሠፈሩን ዱርዬዎች ብቻ ለቅሞ ቡድን መመሥረት አደጋ አለው። አንድ ቡድን ውስጥ ጎበዙ ተማሪም፣ ዝምተኛውም፣ የቀበጠውም መቀላቀል አለባቸው።

የተሳካም አለ። አይስላንድ የምትባል ትንሽ አገር በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉ ልጆቿ 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረናል ያሉባት አገር ነበረች። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ያደረጉት ብዙ ነው። ልጆችን በአሠልጣኝ ወደሚመሩ የስፖርትና የሙዚቃ ክበባት አስገቡ፣ ለክፍያውም ድጋፍ ሰጡ፤ ወላጆች ስምምነት ፈርመው በሠፈራቸው ማታ ማታ ተራ ገብተው ዞሩ፤ ልጅ ከስንት ሰዓት በኋላ ውጭ እንዳይገኝ ተወሰነ። ቁልፉ አዋቂ የሚመራው ጨዋታ መሆኑ ነው። ያለ አሠልጣኝ መንገድ ዳር ተሰብስቦ መዋል ያንኑ ጥቅም አልሰጠም።

(አጭር ሙዚቃ)

ታዲያ ይህን ሁሉ ወደ ጦር ኃይሎች ብናመጣው ምን ይመስላል? ነጥብ በነጥብ እንየው።

አንደኛ፣ ሰዓቱ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። በዓል ሲደርስ ብቻ የሚዘጋጅ የአንድ ቀን ውድድር ዋንጫ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ ያበቃል። ልጅን የሚይዘው ዋንጫው አይደለም፤ ነገም እዚያው ቦታ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው። የተመደበው ፖሊስ በየወሩ አይቀያየር። ልጅ አንድን ሰው ለማመን ጊዜ ይፈልጋል። አሠልጣኝነቱም ለፖሊሱ ሥራ ተብሎ ይቆጠርለት። ትርፍ ሰዓቱን ሰውቶ የሚያደርገው ከሆነ ጥቂት ወራት ሠርቶ ይሰለቻል።

ሦስተኛ፣ ደብተር። ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ ትምህርት ቤት፣ የመጣበት ቀን። ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ደብተሩ የተጠርጣሪዎች መዝገብ አይደለም። ለምርመራ እንደማይውል ከመጀመሪያው ለወላጆች ይነገር።

አራተኛ፣ እምነት። ልጅን ጆሮ ጠቢ ማድረግ ፕሮግራሙን ያፈርሰዋል። ሜዳ ላይ ማን ሰረቀ፣ ወንድምህ የት አደረ እያለ የሚጠይቅ ፖሊስ በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ሜዳ ያገኛል። ልጁንም ለአደጋ ያጋልጠዋል።

አምስተኛ፣ ሴት ልጆች። ኳስ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ወንዶች ናቸው። ሩጫ፣ መረብ ኳስ፣ ቴኳንዶ፣ ሙዚቃ፣ ቲያትር፣ የጥናት ክፍል ይጨመር። ሴት ፖሊሶችም ይመደቡ። ሊስትሮና ሱቅ በደረቴ የሚሠሩት ልጆችም አይረሱ፤ ለእነሱ የሚመቻቸው ሰዓት ይጠየቅ።

ስድስተኛ፣ ጥበቃ። ልጅ ባለበት ቦታ ሁሉ አንድ አዋቂ ብቻውን አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ። ወላጅ መጥቶ የማየት መብት አለው። መሳሪያ ታጥቆ ሜዳ መግባት አይፈቀድ። ቅሬታ ያለው ልጅ ወይም ወላጅ ከአሠልጣኙ ሌላ ለማን እንደሚናገር በግልጽ ይታወቅ።

ወጪው የሚያስፈራ አይደለም። ኳስ፣ መረብ፣ ፊሽካ፣ ደብተር፣ ውሃ። ትልቁ ወጪ ሜዳው ነው፤ እሱም ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አለ፣ በወጣት ማዕከል ውስጥም አለ። ከሰዓት በኋላ በሩ እንዲከፈት የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ የወረዳው ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት እና የፖሊስ አዛዡ የሚፈርሙት አንድ ወረቀት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወላጆች! እናንተንም የሚመለከት አለ። ልጃችሁን ዛሬ ምን ተማርክ ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ የት ነበርክ፣ ከማን ጋር ነበርክ ብላችሁ ጠይቁ። የማታውቁት ዕቃ እጁ ላይ ካያችሁ አታስደንግጡት፣ ግን አትለፉት። ቤት ውስጥ እንዳይታወቅ ብላችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት። የሚረዳ ጎረቤት፣ የእድር ሰው፣ መምህር፣ የሠፈራችሁ ፖሊስ አለ። ሕፃን ሲያለቅስባችሁም ፖሊስ ይወስድሃል ማለትን ተዉ። ያ ልጅ አንድ ቀን ጠፍቶ፣ ተደብድቦ ወይም ተነክቶ የሚሮጠው ወደዚያ ሰው መሆን አለበት።

እድሮችም ድርሻ አላችሁ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰው መሰብሰብ የእናንተ ሙያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት የእድር አባላት ሜዳ ላይ ተራ ቢገቡ፣ ሁለተኛው አዋቂ ተገኘ ማለት ነው።

የክረምቱን ዕረፍትም እናስብ። ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሠፈር የሚውሉባቸው ሁለት ወራት ናቸው። ዝናቡም አለ፣ ሜዳው ጭቃ ይሆናል፤ ስለዚህ ጣሪያ ያለው አዳራሽ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሰኔ ላይ ያልታቀደ የክረምት ፕሮግራም ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይጀመርና መስከረም ላይ ይረሳል።

ከመሰናበታችን በፊት፣ በቤተሰብም ሆነ በእድር ስብሰባ የምትወያዩባቸው ሦስት ጥያቄዎች እነሆ። አንድ፣ በሠፈራችሁ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ልጆች የሚውሉት የት ነው? ሁለት፣ እዚያ ቦታ ስማቸውን የሚያውቅ አዋቂ ማን አለ? ሦስት፣ የሠፈራችሁን የማኅበረሰብ ፖሊስ ታውቁታላችሁ ወይ? ለሦስተኛው መልሳችሁ አናውቀውም ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ወደ ወረዳችሁ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ተዋወቁት። አንድ ጥያቄም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለክረምቱ ለልጆቻችን የትኛው አዳራሽ፣ በየትኛው ቀን ይከፈታል? የሚለውን። መልሱን ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ተቀበሉ።

  

(የመዝጊያ ሙዚቃ)